ውኃው ወደ ላብራቶሪ ወይስ ላብራቶሪው ወደ ውኃው?

ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ መሣሪያ የራሴን አስተያየት ላካፍላችሁ። “ኬሚስትሪ ተምራችሁ ምን ልትሠሩ ነው?” ለሚሉንም መልስ ትሆናለች ብዬ አምናለሁ።

ከፍሎራይድ ልጀምር። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂም ሆነ በዝዋይና በሐዋሳ አካባቢ፣ ፍሎራይዳቸው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር የሚበልጥ የጉድጓድ ውኃዎች አሉ። ፍሎራይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ማፍላትም አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር በቀሪው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ልጆች ቋሚ ጥርሳቸው ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ይህን ውኃ ከጠጡ ጥርሳቸው ይበልዛል። መጠኑ ከፍ ብሎ ለዓመታት ከተጠጣ ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። ጉዳቱ አንዴ ከደረሰ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ ጥያቄው “ስንት ነው?” ብቻ ሳይሆን “መቼ አወቅን?” ጭምር ነው።

የተለመደው አሠራር ናሙናውን በጠርሙስ ቀድቶ ከተማ ወዳለ ላብራቶሪ መላክ ነው። እዚያ በኤሌክትሮድ ወይም በስፔክትሮፎቶሜትር ይለካል። ጥሩ ነው፤ ግን ውጤቱ እስኪመጣ ሰው ውኃ መጠጣቱን ያቆማል እንዴ?

መሣሪያዋ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። በአንዲት ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ከሚሊሜትር የጠበቡ ቦዮች ይቀረጻሉ። በእነዚህ ቦዮች ጥቂት ማይክሮሊትር ውኃ ከዚርኮኒየምና ስፓድንስ ከተባለው ቀይ ቀለም ውሁድ ጋር ይገናኛል። ፍሎራይድ ዚርኮኒየሙን ሲነጥቅ ቀለሙ ይደበዝዛል። በአንድ በኩል ኤልኢዲ ያበራል፤ በሌላ በኩል ፎቶዳዮድ ያለፈውን ብርሃን ይለካል። ከዚያ በኋላ ያለው በክፍል የተማርነው የቢር-ላምበርት ሕግ ነው! እ.ኤ.አ. በ2007 በሃርቫርድ የጆርጅ ኋይትሳይድስ ቡድን እንዲህ ያለውን ቦይ በወረቀት ላይ ሠርቶ በሽንት ውስጥ ግሉኮስና ፕሮቲን መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። ስለዚህ የግድ ውድ ፋብሪካ አያስፈልግም።

“ርካሽ መሣሪያ ትክክል አይለካም” የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ቦዩ ቀጭን ስለሆነ ብርሃኑ የሚያልፍበት ርቀት ያጥርና ምልክቱ ይደክማል። ብርሃኑ በቦዩ ርዝመት እንዲሄድ ቢደረግ ግን ይህ ይሻሻላል። ደግሞስ ጉድጓዱ አጠገብ የምንፈልገው ውሳኔ ነው፦ ከ1.5 በታች ነው ወይስ በላይ? 6 ያለበትን ውኃ ላለመጠጣት 6.02 መሆኑን ማወቅ አያሻም። ወሰኑ አካባቢ የሚወድቀው ናሙና ለማረጋገጫ ወደ ላብራቶሪ ይሂድ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፤ የስፓድንሱ መፍትሔ ደግሞ አሲድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በብርጭቆ ውስጥ ከሆነ ችግር የለም፤ በቀጭን ቦይ ውስጥ ግን አንዲት አረፋ ብርሃኑን ልትጋርድና ቁጥሩን ልታበላሽ ትችላለች። ሙቀትና አሉሚኒየምም ንባቡን ያዛባሉ። በሌላ አገር በተጣራ ውኃ ተፈትሾ የመጣ ዕቃ ይህን ሁሉ ያውቃል ብሎ ማመን የዋህነት ነው። ውኃው የእኛ ከሆነ መፈተሹም የእኛ ሥራ ነው።

በእኔ እምነት የመመረቂያ ፕሮጀክቶቻችን ጥቂቶቹ ወደዚህ ቢያዘነብሉ ጥሩ ነው። ኬሚስትሪው ቀለሙን፣ ፊዚክሱ ብርሃኑን፣ ኤሌክትሪካሉ ሰርኪዩቱን ይያዝ። ናሙናው ከእውነተኛ ጉድጓድ ይምጣ፤ የመሣሪያዋም ንባብ ከኤሌክትሮዱ ጋር ይነጻጸር። ልዩነቱም ሳይሸሸግ ይጻፍ።

መለካት ብቻውን ውኃ አያጣራም፤ ይህን አልክድም። ግን የትኛው ጉድጓድ መዘጋት፣ የትኛው ማጣሪያ ማግኘት እንዳለበት የሚነግረን እሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ቸር እንሰንብት።