የአሜሪካ ባቡርና የውሉ ነገር

ስለ ልማት ክርክር በተነሳ ቁጥር የአሜሪካ ባቡር በምሳሌነት ሳይጠቀስ አይታለፍም። በመማሪያ ክፍልም፣ ቡና ላይም ደጋግሜ የምሰማው አባባል አንድ ነው፦ «አሜሪካን ያቀናው ሐዲድ ነው»። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ሐዲዱ የትኛውን ክፍለ ግዛት፣ በማን ሀብት፣ በምንስ ውል አቀናው ብለን ስንጠይቅ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በበኩሌ ክፍለ ግዛቶቹ ከባቡር ያገኙት ጥቅም የሚለካው ከባቡር ኩባንያዎች ጋር ተደራድረው፣ ሲያስፈልግም ተሟግተው ባስከበሩት መብት ልክ ነው ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢሊኖይን እንውሰድ። በ1837 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሐዲድና መንገድ በየአቅጣጫው ለመዘርጋት፣ ወንዞችንም ለማሻሻል ወሰነ፤ ከደጋፊዎቹ አንዱ ወጣቱ የምክር ቤት አባል አብርሃም ሊንከን ነበር። በዚያው ዓመት የገንዘብ ቀውስ ደረሰ። ሥራው ሳያልቅ ቆመ፤ ዕዳው ግን አልቆመም። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ኢሊኖይን ጨምሮ 8 ክፍለ ግዛቶች ዕዳቸውን በወቅቱ መክፈል ተሳናቸው። ሚሺጋንም በመንግሥት ገንዘብ የጀመረችውን መስመር በ1846 በ2 ሚሊዮን ዶላር ለግል ባለሀብቶች ሸጠች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ በርካታ ክፍለ ግዛቶች መንግሥት ለእንዲህ ዓይነት ሥራ እንዳይበደር በሕገ መንግሥታቸው ደነገጉ።

ገንዘብ የሌለው መንግሥት ምን አለው? መሬት አለው። በ1850 ኮንግረስ፣ በሴናተር ስቴፈን ዳግላስ ግፊት፣ 2.5 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ለኢሊኖይ ሰጠ። ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለው መሬት እንደ ዳማ ሰሌዳ ተሸንሽኖ አንዱ ካሬ ለሐዲዱ ሲሰጥ ቀጣዩ በፌዴራሉ መንግሥት እጅ ይቀራል፤ መንግሥትም የቀረውን ከ1.25 ዶላር ወደ 2.50 ዶላር በኤከር አሳድጎ ይሸጠዋል። ባቡር የሚመጣበት መሬት እጥፍ ያወጣልና።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መሬቱ በቅድሚያ የተሰጠው ለክፍለ ግዛቱ እንጂ ለኩባንያው አለመሆኑ ነው። ስለዚህም ኢሊኖይ በ1851 መሬቱን ለኢሊኖይ ሴንትራል ኩባንያ ስታስተላልፍ ዋጋ ጠየቀችበት። ኩባንያው ከሌላ ግብር ነጻ ይሆናል፤ በምላሹ ከመስመሩ ጠቅላላ ገቢ ቢያንስ 7 በመቶውን በየዓመቱ ለግምጃ ቤቱ ያስገባል። ከጠቅላላ ገቢው ነው፤ ከትርፉ አይደለም። ትርፍን በሒሳብ መዝገብ ውስጥ መሰወር የሠለጠነ ሒሳብ ሠራተኛ የዕለት ሥራ ነው፤ ጠቅላላ ገቢን መሰወር ግን ይከብዳል። በ1870 የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ ይህን ግዴታ ማንም ምክር ቤት እንዳይምረው ከለከለ። (ሊንከን ራሱ ኩባንያው ለአውራጃዎች ተጨማሪ ግብር እንዳይከፍል በጠበቃነት ተከራክሮ ረትቶለታል፤ የ5,000 ዶላር ደመወዙን ግን ኩባንያውን ከስሶ ነው ያገኘው።) 705 ማይሉ ሐዲድ በ1856 ተጠናቀቀ። የልዩ ልዩ መስመሮች መገናኛ የሆነችው ቺካጎም በ1850 ከነበራት 30,000 ያህል ሕዝብ በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 112,000 አደገች።

ወደ ምዕራብ ሲዘለቅ ግን ተደራዳሪው ይጠፋል። የ1862ቱ የፓስፊክ ባቡር ሕግ ሲወጣ በመንገዱ አብዛኛው ክፍል ገና ክፍለ ግዛት አልተመሠረተም ነበር። ኮንግረስ ለኩባንያዎቹ በቀጥታ በማይል 10 ካሬ ማይል መሬት ሰጠ፤ በ1864 ወደ 20 አሳደገው፤ እንደ መሬቱ አቀማመጥም በማይል ከ16,000 እስከ 48,000 ዶላር በቦንድ አበደረ። በልዩ ልዩ ሕጎች የፌዴራሉ መንግሥት ለሐዲድ የሰጠው መሬት በጠቅላላው ወደ 130 ሚሊዮን ኤከር ይደርሳል። «ባዶ» የተባለው ይህ ምድር የነባር ሕዝቦች አደንና መኖሪያ እንደነበረ ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ነው። በ1872 የተጋለጠው የክሬዲ ሞቢልዬ ቅሌትም ከዚሁ የፈለቀ ነው፦ የዩኒየን ፓስፊክ ባለድርሻዎች የራሳቸውን ሥራ ተቋራጭ አቋቁመው በተጋነነ ዋጋ ለራሳቸው ከፈሉ፤ አክሲዮኑንም ለኮንግረስ አባላት በርካሽ አደሉ።

የኢኮኖሚ ታሪክ ሊቁ ሮበርት ፎገል በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባቡር ባይኖር ኖሮ አሜሪካ በ1890 የምታጣው ከብሔራዊ ገቢዋ ጥቂት በመቶ ብቻ ነበር ሲል ሞገተ። በ2016 ደግሞ ዶናልድሰንና ሆርንቤክ የተባሉ ተመራማሪዎች የእርሻ መሬት ዋጋ በ60 በመቶ ይወድቅ እንደነበር አሰሉ። ክርክሩ ይቀጥል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የድምሩ መጠን ሳይሆን ድርሻው ለማን ደረሰ የሚለው ነው።

ገበሬው መልሱን ያውቀው ነበር። ጊልማን የተባለችው የኢሊኖይ ከተማ ከፒዮሪያ ይልቅ ለኒው ዮርክ 86 ማይል ትቀርባለች። ይሁንና የዋባሽ ባቡር ኩባንያ ለ100 ፓውንድ ጭነት ከፒዮሪያ 15 ሳንቲም፣ ከጊልማን ግን 25 ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ከፒዮሪያ ተወዳዳሪ መስመር አለ። ኢሊኖይ በሕግ ልታስቆመው ሞከረች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1886 በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚደረግ ንግድ የኮንግረስ ሥልጣን ነው ብሎ ሕጓን ሻረው። ነገር ግን ገበሬዎቹ ያቀጣጠሉት ጥያቄ አልጠፋም፤ በዓመቱ ኮንግረስ የባቡር ታሪፍን የሚቆጣጠር ኮሚሽን አቋቋመ።

ዘግይተው የተመሠረቱትም ቢሆኑ ዝም አላሉም። በ1883 የተጠናቀቀው የኖርዘርን ፓስፊክ መስመር ሰፋሪ ካጎረፈባቸው አገሮች አንዷ የሆነችው ሰሜን ዳኮታ ክፍለ ግዛት የሆነችው በ1889 ነው። ስንዴዋ በሰው ባቡር ተጭኖ፣ በሰው ጎተራ ተመዝኖ፣ በሚኒያፖሊስ ዋጋ ይተመን ነበር። በ1915 ገበሬዎቹ ተደራጁ፤ በምርጫ አሸነፉ፤ በ1919 ክፍለ ግዛቱ የራሱን ባንክ፣ የራሱን የዱቄት ፋብሪካና የእህል ጎተራ እንዲያቋቁም አስወሰኑ። ግብር ከፋዮች ሕገ መንግሥቱ ይህን አይፈቅድም ብለው ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1920 ክሱን ሳይቀበል ቀረ። ባንኩም ፋብሪካውም ዛሬ የሚሠሩት በዚያው በክፍለ ግዛቱ ባለቤትነት ነው።