ሲሳሳትም ይፈተን

ቅዳሜ ጂንካ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ሰኞ ቱርሚ ገበያ ነው። አሪው፣ በናው፣ ሐመሩ በየቋንቋው ቢነጋገርም የገበያውን ቀን ማንም አይስትም። አንዱ መንደር ተነስቶ «ማክሰኞ ይሻላል» ቢል ቀኑ በእርግጥ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ገበያተኛው ግን አይመጣም። የኮምፒውተር የስህተት መለያም፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ምን እንደተሳሳተ ለፕሮግራሙ የሚነግርበት ስምና ቁጥር፣ እንደ ገበያ ቀን የጋራ ስምምነት ይፈልጋል። ነገሩን በዚህ ዓምድ ዛሬም የማነሳው «ስህተት ተፈጥሯል፤ እንደገና ይሞክሩ» የሚለው ባዶ መልእክት ስላንገፈገፈኝ ነው። እንዲህ ያለው መልእክት ከሚወለድባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ፕሮግራሙ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የመጣለትን መለያ ሳያውቀው ሲቀር ነው።

ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖዚክስ የተባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተሞች መስፈርት የስህተቶቹን ስምና እያንዳንዱ መቼ እንደሚመለስ ደንግጓል፤ ቁጥሩን ግን ለየሠሪው ትቶታል። በዚህም ሊኑክስ በተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ 11 «ቆይተህ ሞክር» ሲሆን 35 «እርስ በርስ ትቆላለፋላችሁ» ነው፤ ማክ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠዋል። «በቁጥሩ ሳይሆን በስሙ የሚጽፍ ፕሮግራመር ምን ቸገረው?» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ ስሙ እስከተከበረ ድረስ። ፋይል በሚሰረዝበት ትእዛዝ ማውጫ ለመሰረዝ ሲሞከር መስፈርቱ «አልተፈቀደም» በል ይላል፤ ሊኑክስ ግን «ይህ ማውጫ ነው» ብሎ ይመልሳል። የሊኑክሱ መልስ ይበልጥ ግልጽ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የመስፈርቱን መልስ ሲጠብቅ ለኖረ ፕሮግራም ይህ የማክሰኞ ገበያ ነው።

ነገሩ ፊደላችንንም ይነካል። በሊኑክስ የተለመደው የፋይል ስም ገደብ 255 ባይት ነው። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደላት ኮድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ላቲን 255 ፊደል ሲፈቀድለት እኛ 85 ላይ እንቆማለን። መስፈርቱ ከዚያ ሲያልፍ «ስሙ ረዝሟል» ተብሎ እንዲነገር ያዛል። መለያውን ችላ ያለ ፕሮግራም ግን ሰነዱ ሳይቀመጥ የተቀመጠ ያስመስለዋል፤ በአማርኛ ረጅም ርዕስ የሚሰጥ ጸሐፊ ይህን የሚያውቀው ሰነዱን ፈልጎ ሲያጣው ነው። ከአዲስ አበባ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ጂንካ ላይ ሲስተም የሚጠግን ባለሙያ ሠሪውን አጠገቡ አያገኘውም፤ የሚመራው መለያው ነው። እናም ሶፍትዌር የሚረከብ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሲሠራ ብቻ አይቶ አይፈርም፤ ሆን ብሎ ያሳስተው፣ ምን ብሎ እንደሚመልስም ያድምጥ።