የህልም ደብተር ወይስ የዱቤ ደብተር?

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ከአደይ አበባ ቀድሞ ከተማውን የሚያጥለቀልቅ ነገር አለ፤ «የስኬት ደብተር»። ሽፋኑ ወፍራም፣ ወረቀቱ ለስላሳ፣ መሐሉ ላይ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ክር ያለው። ውስጡ «የአምስት ዓመት ራዕይህ»፣ «የዛሬ ሦስት ምስጋናዎችህ» የሚሉ ሳጥኖች ተደርድረዋል። ሻጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው መድረክ ላይ ማይክ ጨብጦ «ግብህን ጻፍ!» እያለ የሚጮኸው አሰልጣኝ ነው።

የዚህን ጩኸት ማስረጃ ያልሰማ ወጣት ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1953 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ከተመረቁት መካከል ግባቸውን በጽሑፍ ያሰፈሩት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ20 ዓመት በኋላ የእነዚህ ሀብት ከቀሪዎቹ 97 በመቶ ድምር በለጠ ይባላል። (አንዳንዱ «ሃርቫርድ» ይላል፤ ዩኒቨርሲቲው እንደ ተናጋሪው ይቀያየራል።) ችግሩ አንድ ብቻ ነው፦ ጥናቱ የለም። ፋስት ካምፓኒ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ1990ዎቹ ምንጩን ሲያፈላልግ አንዱ አሰልጣኝ ወደ ሌላው ጠቆመ፤ ዬልም እንዲህ ያለ ጥናት አላውቅም አለ።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ውሸቱ የሚሠራው ሥራ ነው። ደመወዙ ከቤት ኪራይ የማያልፍ ልጅ፣ ዲግሪዋን ይዛ ሦስት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር የቆመች ተመራቂ፣ «ከ97ቱ የሆናችሁት ስላልጻፋችሁ ነው» ይባላሉ። የኪራዩ መናር፣ የሥራው መጥፋት፣ ሁሉም የእስክሪብቶ ስንፍና ሆኖ አረፈው!

ታዲያ ደብተር አይጠቅምም? ይጠቅማል እንጂ፤ ግን የሌላ ዓይነቱ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለራሱ ያሰመራት ትንሽ ደብተር ራዕይ የሚባል ነገር አልነበረባትም። በየገጿ ለሰባቱ ቀናት ሰባት ዓምድ፣ ለ13 ምግባሮች 13 መስመር። ማታ ማታ ቀኑን መለስ ብሎ ያይና ባጠፋበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ያኖራል። በየሳምንቱ አንዷን ምግባር በተለይ ይጠብቃል፤ በ13 ሳምንት ዙሩ ያልቃል፣ በዓመት አራት ዙር። «ሥርዓት» የምትለዋ ክፉኛ እንዳስቸገረችው ራሱ ጽፏል።

ይህ እኮ የሰፈራችን ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ ነው! ባለሱቁ «ይህ ልጅ ወደፊት ታላቅ ከፋይ ይሆናል» ብሎ አይጽፍም። ስኳር 1 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር፣ ቀኑ። የተከፈለው ይሰረዛል፤ ያልተከፈለው እዚያው ሆኖ ያፈጥብሃል።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘርም እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ የተከራከረው ለዚሁ ለዝርዝሩ ነው፤ መቼ፣ የት፣ እንዴት እንደሚያደርግ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ምኞቱን ብቻ ከያዘው ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ይሰፋል። «እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ» ምኞት ነው። «ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም አሥር ቃል አጠናለሁ» ግን ዱቤ ነው፤ መክፈልህና አለመክፈልህ ማታውኑ ይታወቃል። ኪራይህን እንደማይቀንስልህም አብሮ ይታወቅ። ለዚህ ሁሉ ደግሞ የተማሪ ደብተርና አንድ ማስመሪያ ይበቃል።

እስኪ አሰልጣኞቻችን ደግሞ የራሳቸውን መዝገብ ይክፈቱልን፦ ባለፈው መስከረም ደብተሩን ከገዟችሁ ውስጥ ስንቶቹ ኅዳር ድረስ ጻፉበት? ቆጥራችኋል?