እሴት በደም አይወረስም

በጅቡቲ ከተማ ኢትዮጵያውያን በተሰባሰቡበት ሁሉ አንድ አቤቱታ አይጠፋም፤ «ልጆቻችን ባህላቸውን ጣሉ፤ ወደብ ሰው ያበላሻል» የሚል። አቤቱታው ከአንድ እምነት ይመነጫል። ይኸውም እሴት ከአባት ወደ ልጅ በደም የሚተላለፍ፣ ከአገር ቤት ተሟልቶ የመጣ፣ ከተማና ባዕድ ሲነካው ብቻ የሚጎድል ሀብት ነው የሚለው ነው። ይህ እምነት ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው።

ስሕተትነቱን ለመረዳት «ጥንታዊ ባህላችን» እየተባለ የሚወደሰውን እድርን መመልከት ይበቃል። ብዙ የታሪክ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት እድር የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ ነው። ቀድሞ በገጠር ሰው ሲሞት ዘመድና ጎረቤት ይቀብረው ነበር፤ ለዚህ መዝገብና ወርኃዊ መዋጮ አያሻም ነበር። ከየአገሩ ፈልሶ ከተማ የገባው ሰው ግን ዘመዱ ራቀው፤ ጎረቤቱም ቋንቋውን የማያውቅ ባዕድ ሆነበት። «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣው ያን ጊዜ ነው። ድንኳኑ፣ ጡሩንባ ነፊው፣ መተዳደሪያ ደንቡ ሁሉ የዚያ ጭንቀት ልጆች ናቸው። ታዲያ ከተማ ባህል ታጠፋለች የሚለው ሰው፣ እጅግ የሚኮራበትን እሴት ያሳደገችው ከተማ መሆኗን ሲሰማ ምን ይል ይሆን?

የጅቡቲ ምድርም ይህንኑ ትመሰክራለች። በጅቡቲ፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ የሚኖሩ የኢሳ ሶማሌዎች የሚተዳደሩበት «ሔር ኢሴ» የተባለ በቃል የሚተላለፍ ሕገ ልማድ አለ፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የሕጉ ባለቤቶች በትውፊታቸው የሚተርኩት ግን በደም እንደ ተወረሰ አይደለም፤ 44 ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ተከራክረውና ተስማምተው እንዳቆሙት ነው። የኅብረተሰብ እሴት አፈጣጠሩ ይህ ነው፦ ችግር ይጠይቃል፣ ሰዎች ይመክራሉ፣ የመከሩትን ይፈጽማሉ፤ ልጆችም እያዩ ይለምዱታል።

የግለሰብም አስተሳሰብ ከዚሁ አይወጣም። በጅቡቲ ከተማ የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ይማራል፤ በመንደር ሶማሊኛና አፋርኛ ይሰማል፤ ቤት ውስጥ አማርኛ ይጠብቀዋል። ይህ ልጅ ባህል አልባ አይደለም፤ የሚመዝነው በዝቶለታል እንጂ። መዛኙም ዓይኑ ነው። «እኛ እንግዳ ተቀባይ ነን» ሲባል ይሰማል፤ ከአገር ቤት በእግሩ የመጣ፣ ከንፈሩ በውኃ ጥም የተሰነጣጠቀ ወጣት በር ሲያንኳኳ ደግሞ ምን መልስ እንደሚሰጠው ያያል። ከሰማውና ካየው የትኛውን እንደሚያምን ማንም አይስተውም።

የእምነቱ ጎጂነት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የጅቡቲን በረሃ አቋርጠው ወደ ኦቦክ ጠረፍ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ወደ የመን ይሄዳሉ። በኤፕሪል 2024 ብቻ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በዚያው ጠረፍ ሰጥመው ብዙዎች አልቀዋል። በዚያ አሸዋ ውስጥ ስማቸው ሳይታወቅ የተቀበሩ አሉ፤ ቤተሰቦቻቸው እርማቸውን ሳያወጡ ዛሬም ይጠብቃሉ። እድር የተስፋፋው ዘመድ በሌለበት የሚሞት ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ነበር። በኦቦክ የሚሞተው ያው ሰው ነው፤ ስሙ ብቻ በአባላት መዝገብ ላይ የለም።

«እድር የአባላቱ ነው፤ መዋጮ ላልከፈለ ድንኳን አይተከልም» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ማኅበር ያለ ገንዘብ እንደማይቆም አይካድም። ይሁንና የቀድሞዎቹ እድርተኞች ዘራቸው ላልሆነ ጎረቤት የቆሙት የአባቶቻቸው ልማድ አዝዟቸው አልነበረም፤ ልማዱን ራሳቸው አሰፉት እንጂ። በኤድስ ዘመንም በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ወደ መርዳት ተሻግረዋል። በዚህም ባህል አፈረሱ ያላቸው የለም።

እሴት ተሟልቶ የመጣ ርስት ነው የሚል ሰው የሚቀርለት ሥራ አጥር ማጠር ብቻ ነው። እሴት በሰው ውሳኔ የሚያድግ መሆኑን የተረዳ ግን ለማያውቀው ሟች ጥቂት ያዋጣል፤ የተረፉትን ጠይቆ የሟቾቹን ስም ይመዘግባል፤ ለቤተሰቦቻቸውም መርዶ ያደርሳል። ይህ ሁሉ ከአንድ ማኅበር አቅም በላይ አይደለም። ስለ ጠፋ ባህል የሚፈሰው እንባ ለእነዚያ ሟቾች ቢፈስ ባህሉ በእርግጥ በተገኘ ነበር፤ ልጆቹም ባህል ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ባላሻቸው ነበር።