አደይ ደጃችን ላይ ፈክቶ ፎም ግዙ እንባላለን

ከመስቀል በፊት ነው። የአምስት ዓመት ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት አንዲት ወረቀት ይዛ መጣች፦ «ለአደይ አበባ ሥራ ቢጫ ፎም፣ አረንጓዴ ፎም፣ ሙጫ፣ ብልጭልጭ»። ገዝቼ ስወስድ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እውነተኛው አደይ ፈክቶ ቆሟል። ልጆቹ ደግሞ አጥሩ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው የፎም አደይ ይለጥፋሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው።

ማታ ሥራዋን አየሁት። ያምራል። ግን የሁሉም ልጆች አበባ አንድ ዓይነት ነው። የቆረጠችው መምህሯ፣ ቦታውን የመረጠችው መምህሯ። ልጆቹ ሙጫ ቀቡ። ታዲያ ሥራው የማን ነው?

በመምህሯ አልፈርድም። በወላጆች ግሩፕ ላይ የሚያምር ፎቶ የምንጠብቀው፣ ልብስ ጭቃ ሲነካው ደውለን የምንቆጣው እኛው ነን።

ገጠር ያደጋችሁ ታስታውሳላችሁ። ከብት እየጠበቅን ከጭቃ በሬ ሠርተን በስንጥር እንጠምድ ነበር። ውሃ ሲበዛ የበሬው እግር ይሟሟል፣ ሲያንስ ይሰነጠቃል። ልኩን ያስተማረን ራሱ ጭቃው ነው። ሴቶቹ የበቆሎ ፀጉር ሹሩባ ይሠራሉ፣ ለዘመን መለወጫ እንግጫ ነቅለው ይጎነጉናሉ። የግዢ ዝርዝር የሰጠን አልነበረም።

ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1840 ለትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት ያወጣው ስም «የልጆች የአትክልት ስፍራ» ማለት ነው። እኛ ትምህርት ቤቱን ወስደን አትክልቱን በሲሚንቶ ደፈንነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ እንላለን፤ ልጆቻችንን ግን ቅጠል እንዳይነኩ እንከለክላለን። ያልነካውን ዛፍ ማን ይንከባከባል?

«መርዝስ? ጠርሙስስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። የጉሎ ፍሬ መርዝ ነው፤ የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል። ስለዚህ አዋቂ ቀድሞ ቦታውን ይይ፣ የማይነካውንም ለልጆቹ ያሳይ፤ ሲጨርሱ እጅ ይታጠባል። ግቢው ጠባብ ከሆነ ጠጠር፣ የወደቀ ቅጠልና የባሕር ዛፍ ፍሬ በሰፌድ ይምጣላቸው። ሕጉ ቀላል ነው፦ የወደቀውን ማንሳት፣ የበቀለውን አለመንቀል፣ የሚሠራውን ለልጁ መተው። ጠጠር በመጠን ሲደረድር ማወዳደርና መቁጠር እየተማረ ነው።

ቅዳሜ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ቅጠሎችን ከቢጫ ወደ አረንጓዴ በክብ ደረደረች። ነፋስ መጣና በተነው። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «እንደገና!» አለችኝ። የፎም አበባው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዞር ብላም አላየችው።

ወላጆች፣ በሚቀጥለው ምዝገባ ስለ ክፍያውና ስለ እንግሊዝኛው ስትጠይቁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ልጄ በሳምንት ስንት ሰዓት አፈር ይነካል?»