የሐበሻዋ ልጅ የዘጋው ገበያ

ከናይሮቢም ሆነ ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር የሚሻገሩ ወገኖቻችን የአንድ ቀን ጉብኝት ገና ከመነሻው የተሰፈረ ነው። ጠዋት በጀልባ ወደ ቻንጉ ደሴት፣ እዚያ ግዙፎቹን ኤሊዎች ቅጠል ማጉረስ፣ ከሰዓት በኋላ የስቶን ታውንን የተቀረጹ በሮች እያዩ በጠባብ መንገዶች መዞር፣ የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ የታነጸውን የአንግሊካን ካቴድራል ብቅ ብሎ ማየት፣ ከዚያም የጀንበር መጥለቂያ ፎቶግራፍ። በውበቱ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከሚነገረን ታሪክና ከምንሰማበት ጆሮ ጋር ነው።

ቻንጉን «የእስር ቤት ደሴት» እያሉ ይሸጡታል። በ1893 እ.ኤ.አ. ለእስር ቤትነት የታሰበው ሕንፃ ግን እስረኛ ሳያስገባ የመርከብ መንገደኞች የበሽታ ማቆያ ሆኖ ቀረ። ኤሊዎቹም ከሲሼልስ በስጦታ የመጡ እንግዶች ናቸው። ጎብኚው በዚህ ግማሽ ቀኑን ይፈጅና ሰንሰለት በእርግጥ ለነበረበት ስፍራ የሚተርፈው ጥድፊያ ብቻ ነው።

ይህ የአስጎብኚዎች ጥፋት ነው እንበል። የእኛስ? በካቴድራሉ ግቢ፣ ጉድጓድ ውስጥ በሰንሰለት ከተያያዙት ሐውልቶች አጠገብ የቆመ የአገራችን ሰው ስለ ሌላ ሕዝብ እንደሚያዝን ሆኖ ከንፈሩን ይመጣል። «እኛ እኮ አልተገዛንም» የሚል መጨመሩም አይቀርም። ቅኝ አለመገዛትና በገንዘብ አለመገዛት ግን ለየቅል ናቸው!

በእርግጥ በዚያ ገበያ የተሸጡት አብዛኞቹ ከምሥራቅ አፍሪካ መሐል አገር የተነዱ ነበሩ። በሱልጣኖቹ እልፍኝ ግን የእኛም አሉበት። የሱልጣን ሰዒድ ልጅ ሳልሜ በ1886 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ በአባቷ ቤተ መንግሥት ከነበሩት ዕቁባቶች መካከል ሐበሾችን ታነሣለች። በውጭ ገበያ «ሐበሻ» የሚለው ስም በተለይ ከደቡብና ከምዕራብ የአገራችን ክፍል የተፈነገሉ ልጆች መጠሪያ ነበር። ወደ ምጽዋና ወደ ታጁራ የነዷቸው ነጋዴዎችም ሁሉም ባዕዳን አልነበሩም፤ ምናልባት ዝምታችን የበረታው ስለዚህ ይሆን?

በ1873 እ.ኤ.አ. ገበያውን የዘጋውን ውል ያጸደቀው ሱልጣን ባርጋሽ የሐበሻ ዕቁባት ልጅ ነው። በእንግሊዝ የባሕር ኃይል ዛቻ ተገዶ እንጂ እናቱን አስታውሶ ነው አልልም፤ ያ ሌላ ተረት ይሆናል። ሆኖም ያችን እናት የሚያነሣ አስጎብኚ እምብዛም አይገኝም፤ የሚጠይቅ ሐበሻም እንዲሁ። ልጇ በ1883 እ.ኤ.አ. ያሠራው «የድንቆች ቤት» እንኳ በ2020 እ.ኤ.አ. በከፊል ተደርምሷል።

ኤሊዎቹ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ፍጥረታት ናቸው፤ ለከሰዓት በኋላ ቢቀጠሩ አይሞቱም። ጠዋቱን ለገበያውና ለቤተ መንግሥቱ ስጡ። አስጎብኚውንም ስለ ባርጋሽ እናት ጠይቁት፤ ካላወቀ ሳልሜ የጻፈችው በእንግሊዝኛም ተተርጉሟል።