የባለሙያው ልጅ የት ይማር?

አንድ ሐኪም ወይም አንድ የእርሻ ባለሙያ ከከተማ ርቆ በሚገኝ ወረዳ ሲመደብ፣ ስለ ደመወዙና ስለ መኖሪያ ቤቱ መነጋገር የተለመደ ነው። ልጆቹ የት ይማራሉ የሚለው ጥያቄ ግን በምደባው ደብዳቤ ላይ አይገኝም። ሆኖም ደመወዙ ያላስከፋውን ሠራተኛ ዝውውር እስከ መጠየቅ የሚያደርሰው ይኸው ያልተጻፈ ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

የወላጁ ሥጋት ከንቱ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ካስፈተኑት 3,106 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል በ1,328ቱ፣ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ ያገኘ አንድም ተማሪ አልነበረም። ከሌላ ክልል ለመጣ ቤተሰብ ደግሞ የማስተማሪያው ቋንቋ ለልጁ አዲስ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ አንዱ ልጁን ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ ያስቀምጣል፤ ሌላው ባለቤቱንና ልጆቹን በዞኑ ከተማ አኑሮ በአንድ ደመወዝ ሁለት ቤት ያስተዳድራል፤ ሦስተኛው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል።

እኛ እነዚህን ወላጆች ለመውቀስ አልተነሣንም። ነገር ግን ምርጫቸው የሚያስከትለውን ጉዳት መመርመር ይገባል። ልጁን ወደ ከተማ የላከ ሹም፣ በወረዳው ትምህርት ቤት መጽሐፍ ቢጠፋ ወይም የሒሳብ መምህር ቢጓደል፣ ጉዳቱ በቤቱ አይሰማውም። አቤቱታ መጻፍና ቢሮ ማንኳኳት የሚያውቀው ወላጅ ሲርቅ፣ ትምህርት ቤቱ ጠበቃውን ያጣል። የገበሬው ልጅ ግን ምርጫ የለውም። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ስንቁን ተሸክሞ ወደ ወረዳው ከተማ ይወርዳል፤ በኪራይ ክፍል ውስጥ ራሱ እያበሰለ ይማራል።

በዚህ ረገድ የአውስትራሊያ ልምድ የሚጠቅም ይመስለናል። በዚያች ሰፊ አገር በ1943 ዓ.ም. ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ በሬዲዮ የሚሰጥ ትምህርት ተጀመረ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከትምህርት ቤት ርቀው ለሚኖሩ ቤተሰቦች የልጆች ማሳደሪያ ድጎማ መስጠት ጀመረ። ዋናው መለኪያ የአባትየው ማዕረግ ሳይሆን ቤቱ ከትምህርት ቤት ያለው ርቀት ነው።

ለእኛም መፍትሔው ለባለሙያው ልጅ ብቻ የተለየ በር መክፈት አይደለም። በወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ ተቆጣጣሪ ያለው የተማሪዎች ማደሪያ ቢሠራ፣ የሐኪሙም የገበሬውም ልጅ በአንድ መለኪያ ይገቡበታል። ጥሩ መምህር ያለ ማደሪያ ተማሪውን አያቆይም፤ ማደሪያም ያለ ጥሩ መምህር ባዶ ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይታሰቡ።

ዛሬ ተማሪ የሆነው አንባቢያችን ነገ የምደባ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ያን ጊዜ «ልጄን የት ልላክ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መብቱም ነው። በዚያው ቀን «ጎረቤቴ ልጁን የት ይልካል?» ብሎ ከጠየቀ ግን፣ የተላከበትን ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።